ባሕር ተሻግሮ የመጣ ቅድመ አያትን በመዝገብ መፈለግ፦ ከየት ይጀመራል፣ የት ላይ ይሳታል?

ሐረግ ቆጣሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ተሰደዱ ቅድመ አያቶች ፍለጋ እዚህም እዚያም ተበታትኖ የሚጠየቀውን አንድ ቦታ ብናሰባስበው ይሻላል ብዬ ይህን ክር ከፍቻለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፍለጋው ቁልፍ የትውልድ መንደሩ ወይም የአጥቢያው ስም ነው። «ከጣልያን መጣ»፣ «ከጀርመን መጣች» ብቻውን አያራምድም፤ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ የተያዘው በየአጥቢያውና በየማዘጋጃ ቤቱ ነውና። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ስሙን ብቻ ይዞ ወደ ትውልድ አገሩ መዝገብ ይሻገራል፣ ስሙ የሚመሳሰል ሰው ያገኛል፣ ከዚያ በኋላ ለዓመታት የሌላ ሰው ዘር ይቆጥራል። የመንደሩ ስም በአብዛኛው የሚገኘው ሰውየው በገባበት አገር ወረቀት ውስጥ ነው። ስለዚህ በገባበት አገር የኖረውን ሕይወት ከመቃብሩ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ጨርሱት። ባሕሩን መሻገር ከዚያ በኋላ ይደረሳል።

ወረቀቱ ብዙ ስለሆነ የአሜሪካን ምሳሌ ልውሰድ። የሞት ማስረጃ የወላጆችን ስምና የትውልድ ቦታን ይይዛል፤ ቃሉን የሰጠው ግን ሟቹ አይደለም። ልጅ፣ አማች ወይም ቤት አከራይ ሊሆን ይችላል። የመረጃ ሰጪው ስም ወረቀቱ ላይ ስላለ መጀመሪያ እሱን አንብቡ። ስደተኞች በራሳቸው ቋንቋ ያሳትሟቸው የነበሩ ጋዜጦች በሞት ማስታወቂያቸው መንደሩን የመጥቀስ ዕድላቸው ከመንግሥት ወረቀት የሰፋ ነው። የቤተ ክርስቲያን የጋብቻ መዝገብም እንዲሁ፤ በተለይ ካህኑ የዚያው አገር ሰው ከሆነ።

የሕዝብ ቆጠራው በየ10 ዓመቱ ነው። የግለሰቦች ዝርዝር ለ72 ዓመት ተዘግቶ ስለሚቆይ ለሕዝብ የተከፈተው የመጨረሻው ቆጠራ የ1950ው ነው፤ የተለቀቀው በኤፕሪል 2022 ነበር። የ1900፣ የ1910፣ የ1920 እና የ1930 ቆጠራዎች የገቡበትን ዓመትና የዜግነት ሁኔታን ይጠይቃሉ። «ኤንኤ» የሚለው ምልክት ዜግነት ያገኘ፣ «ፒኤ» የመጀመሪያውን ወረቀት ያስገባ፣ «ኤኤል» የውጭ ዜጋ ማለት ነው። «ኤንኤ» ካያችሁ በራሱ፣ በአባቱ ወይም በባሏ ስም ፋይል ፈልጉ። የ1890ው ቆጠራ በ1921 ከደረሰው ቃጠሎ በኋላ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። የ20 ዓመቱን ክፍተት የሚሸፍኑት የከተማ አድራሻ መጻሕፍትና አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች በራሳቸው ያካሄዷቸው ቆጠራዎች ናቸው።

ከሁሉም የሚበልጠው የዜግነት ፋይል ነው። እስከ ሴፕቴምበር 1906 ድረስ ማንኛውም ፍርድ ቤት ዜግነት ይሰጥ ነበር፤ ቅጹም እንደየቦታው ይለያያል፣ ብዙ ጊዜ «የእገሌ ንጉሥ ተገዥ» ከማለት አያልፍም። ከዚያ ወዲህ ቅጹ አንድ ወጥ ሆነ፦ የትውልድ ቦታና ቀን፣ የመርከቡ ስም፣ የደረሰበት ቀን፣ የሚስትና የልጆች ስም። ሂደቱ ሁለት ደረጃ ነው፤ መጀመሪያ ዜጋ የመሆን ሐሳብን ማሳወቂያ («የመጀመሪያው ወረቀት» የሚባለው)፣ ከዓመታት በኋላ ማመልከቻ። አንዱ በአንድ ከተማ፣ ሌላው በሌላ ከተማ ሊገባ ስለሚችል አንዱን አግኝታችሁ አትቁሙ።

የውትድርና ምዝገባ ካርድም አይዘንጋ፤ ዜግነት ያላገኙ ወንዶችም የመመዝገብ ግዴታ ነበረባቸው። በ1917 የተደረገው ምዝገባ የትውልድ ቦታ ይጠይቃል፣ የሴፕቴምበር 1918ቱ አይጠይቅም። በኤፕሪል 1942 በዕድሜ የገፉትን ወንዶች የመዘገበው ደግሞ ይጠይቃል።

አዲስ ገቢ

እናመሰግናለን። በብዙ ቤተሰብ ዘንድ «ስማችንን የለወጠው ኤሊስ ደሴት (ስደተኞች ሲገቡ ይመረመሩበት የነበረው የኒውዮርክ ደሴት) ላይ የነበረ ሹም ነው» ይባላል። በአሁኑ ስም የመንገደኞች ዝርዝር ውስጥ ሲፈለግ ምንም የማይወጣው ለዚህ ነው? ወይስ መዝገቡ ራሱ ጠፍቷል?

የመርከብ መዝገብ

@አዲስ ገቢ፣ መዝገቡ በአብዛኛው አለ፤ የሚፈለግበት ስም ነው የተሳሳተው። የመንገደኞቹ ዝርዝር የሚጻፈው ኤሊስ ደሴት ላይ አልነበረም። በመነሻው ወደብ የመርከብ ድርጅቱ ጸሐፊ ነበር የሚሞላው። የደሴቱ መርማሪ ያንኑ ወረቀት ይዞ፣ አስፈላጊ ሲሆንም በአስተርጓሚ እየጠየቀ፣ ያመሳክር ነበር እንጂ አዲስ ስም አያወጣም። ስሙ የሚለወጠው ከዚያ በኋላ ነው፦ በሥራ ቦታ፣ በልጆች ትምህርት ቤት፣ በዜግነት ማመልከቻ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜም በራሱ በሰውየው ፈቃድ። ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ የሚጠብቃችሁ በአገሩ የተጠራበት ስም ነው፤ ጆን ሳይሆን ጆቫኒ፣ ያን ወይም ዮሃን።

እኔ የምመክረው አፈላለግ የቤተሰቡን ስም ለጊዜው መተው ነው። የመጠሪያ ስም፣ ዕድሜ ሲደመር ሲቀነስ 3 ዓመት፣ የመግቢያ ዓመት ሲደመር ሲቀነስ 2፣ የመነሻ ወደብ ወይም ብሔር አስገቡ። እናት ከልጆቿ ጋር ከተጓዘች ስሙ እምብዛም የማይገኘውን ልጅ ፈልጉ። ይህ ሁሉ ካልሠራ የቤተሰቡን ስም የመጀመሪያ ፊደል ለውጡ። ማውጫውን የሠሩት ሰዎች ከእጅ ጽሑፍ እየገለበጡ ስለሆነ በላቲን ፊደል «ኤል» እና «ኤስ»፣ «ዩ» እና «ኤን»፣ «አይ» እና «ጄ»፣ «ኬ» እና «አር» በየጊዜው ይምታታሉ። በስላቭና በይዲሽ ስሞች ላይ እንደ ድምፅ የሚፈልገው የዳይች-ሞኮቶፍ ዘዴ ከተራው የድምፅ ፍለጋ ዘዴ ከሳውንዴክስ እጅግ ይሻላል፤ ተራው የተሠራው ለእንግሊዝኛ አነባበብ ነው።

ሰውየውን ስታገኙ ማውጫውን ዝጉና ምስሉን ክፈቱ። ከ1907 ወዲህ ዝርዝሩ በጎን ለጎን ሁለት ገጽ ነው። ብዙ ሰው የግራውን ገጽ አውርዶ ይሄዳል፤ የሚሄድበት ዘመድ ስምና አድራሻ፣ ቁመቱ፣ የዓይኑና የጠጉሩ ቀለም፣ የትውልድ ቦታው ያሉት ግን በስተቀኙ ነው። በግራው ገጽ ላይ ደግሞ በአገሩ የቀረው የቅርብ ዘመድ ስምና አድራሻ አለ። ይህች አንዲት ዓምድ ብዙ ጊዜ የአባትን ስምና የመንደሩን ስም አንድ ላይ ትሰጣለች። ቀደም ሲል አሜሪካ ነበርክ ወይ የሚል ዓምድም አለ። «አዎ» ካለ ሌላ የመርከብ ዝርዝር ይጠብቃችኋል ማለት ነው፤ በተለይ ጣልያኖቹ ሠርተው ይመለሱ፣ ደግመውም ይመጡ ስለ ነበር።

ኅዳግ ላይ ያሉ ምልክቶችን አትዝለሉ። ከስሙ በስተግራ ያለ የመስቀለኛ ምልክት ለጊዜው ተይዞ የቆየ ሰው ነው። እንደዚህ ያሉት ሰዎች በዚያው መርከብ ዝርዝር መጨረሻ ላይ በተለየ ገጽ ይመዘገባሉ፤ ለምን እንደ ተያዙ፣ ማን መጥቶ እንደ ወሰዳቸው፣ ስንት ቁርስ፣ ምሳና እራት እንደ ቀረበላቸው ሳይቀር ተጽፏል። በሰውየው መስመር፣ ብዙ ጊዜ በሥራው ዓምድ ላይ፣ ቁጥርና ቀን ካያችሁ፣ ሰውየው ከዓመታት በኋላ ዜግነት ሲጠይቅ የመግቢያውን ቀን ለማረጋገጥ መዝገቡ መገለጡን ያሳያል። ያ ቁጥር ወደ ዜግነት ፋይሉ ይመራችኋል።

በመነሻው በኩል የሃምቡርግ ዝርዝሮች ከ1850 እስከ 1934 ተርፈዋል፤ የመጨረሻ መኖሪያ ከተማን ስለሚጽፉ ወርቅ ናቸው። በእንግሊዝ በኩል የተሸጋገሩት ለብቻ በተያዘ ዝርዝር ውስጥ ናቸው፤ በሃል ወደብ ወርደው በባቡር ሊቨርፑል የደረሱትን እዚያ ፈልጓቸው። የብሬመን ዝርዝሮች ግን በቦታ ጥበት ምክንያት በየጊዜው ሲወገዱ፣ የቀሩትም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጠፉ፣ ከ1920 እስከ 1939 ያሉት ናቸው በብዛት የተረፉት። ከብሪታንያ ወደቦች የወጡ መንገደኞች ዝርዝር ደግሞ ከ1890 እስከ 1960 ነው።

ቀለም ለቃሚ

የመርከብ መዝገብ ያለው ልክ ነው፤ አንድ ነገር ልጨምር። ኤሊስ ደሴት የተከፈተው በጃንዋሪ 1892 ነው። ከዚያ በፊት የመጣን ሰው እዚያ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው፤ ከ1855 እስከ 1890 የኒውዮርክ መግቢያ ካስል ጋርደን ነበር። በጁን 1897 የደሴቱ የእንጨት ሕንጻዎች ተቃጥለው የአስተዳደሩ መዛግብት ጠፉ። ያም ሆኖ ከ1820 ጀምሮ የጉምሩክ መሥሪያ ቤቱ ለብቻው የያዛቸው የመንገደኞች ዝርዝሮች ስለ ተረፉ «ተቃጥሏል» ተብሎ ተስፋ አይቆረጥም። የጉምሩክ ዝርዝሩ ግን ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ሥራና አገር ብቻ ነው፤ መንደር አትጠብቁበት።

ሌላው መንገድ ካናዳ ነው። በሃሊፋክስ ወይም በኩቤክ ገብቶ በባቡር ወደ አሜሪካ የተሻገረን ሰው ኒውዮርክ ላይ አታገኙትም። ከ1895 ጀምሮ ሴንት ኦልባንስ በሚባለው የድንበር መሻገሪያ መዝገብ ውስጥ ነው ያለው።

ጥያቄ አለኝ

የትውልድ ቦታው በአንዱ ቆጠራ «ኦስትሪያ»፣ በሌላው «ፖላንድ»፣ በሦስተኛው «ሩሲያ» ቢልስ? ሦስት ሰዎች ናቸው?

ሐረግ ቆጣሪ

አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። ከ1918 በፊት ፖላንድ የሚባል ነጻ መንግሥት አልነበረም፤ ምድሪቱን ሩሲያ፣ ኦስትሪያና ፕሩሺያ ተከፋፍለዋት ነበር። ቆጣሪው የሚጽፈው በዚያ ዓመት የታዘዘውን ነው። የከተማ ስምም እንዲሁ ይለዋወጣል፤ ሌምበርግ፣ ልቮቭ እና ልቪቭ አንድ ከተማ ናቸው። ስለዚህ ሰውየው በኖረበት ዘመን የታተመ የቦታ ስሞች መዝገብ ይዛችሁ መንደሩ በየትኛው አጥቢያ ሥር እንደ ነበረ አጣሩ። ትናንሽ መንደሮች የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ስለሌላቸው መዝገባቸው ጎረቤት ከተማ ነው የሚገኘው። ከዚህ ሌላ ወጥመድ አለ፦ «ከሃምቡርግ ነኝ» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ከሃምቡርግ የተሳፈረ ሰው ነው።

ሰሜናዊት

ስለ ስካንዲኔቪያ ሰዎች አጭር ነገር ልበል። አባትየው አንደርስ ከሆነ ልጁ ፔር አንደርሾን፣ የፔር ልጅ ደግሞ ፔርሾን ይባላል፤ በየትውልዱ ይለወጣል። ዴንማርክ በ1828፣ ስዊድን በ1901፣ ኖርዌይ በ1923 ነው የቤተሰብ ስምን የሚያጸና ሕግ ያወጡት፤ አይስላንድ እስከ ዛሬ በአባት ስም ትጠራለች። በኖርዌይ ሰው የሚኖርበትን የእርሻ ስም ስለሚይዝ፣ ቦታ ሲቀይር ስሙም ይቀየራል። ስለዚህ እዚያ በስም አትፈልጉ፤ በአጥቢያ፣ በልደት ቀንና በአባት ስም ነው የሚፈለገው። ስዊድን ከሁሉ የተመቸች ናት፤ ቄሱ እያንዳንዱን ቤተሰብ በየቤቱ የሚመዘግብበት መጽሐፍ አለው፣ ከአጥቢያው የወጣም የገባም ሰው በተለየ መዝገብ ይጻፋል፤ «ሰሜን አሜሪካ» ብሎ ቀኑን ያስቀምጣል።

ቀንን በተመለከተ፦ ሩሲያ እስከ 1918፣ ግሪክ እስከ 1923 በዩልዮስ አቆጣጠር ነበሩ። ከዛሬው አቆጣጠር ያለው ልዩነት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን 12፣ በ20ኛው 13 ቀን ነው። ሁለት ወረቀቶች በ12 ቀን ከተለያዩ ቅራኔ ሳይሆን ጥሩ ምልክት ነው። እንግሊዝም እስከ 1752 ድረስ አዲሱን ዓመት የምትጀምረው በማርች 25 ነበር፤ «ፌብሩዋሪ 1740» ተብሎ የተጻፈው በዛሬው አቆጣጠር 1741 ነው።

እህት ፈላጊ

ሴቶቹስ? እስካሁን የተባለው ሁሉ ወንዶችን የሚከተል ነው።

የመርከብ መዝገብ

ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መዝገቡ ራሱ ለወንድ ያደላ ነበር። በአሜሪካ እስከ ሴፕቴምበር 1922 ድረስ ያገባች ሴት ዜግነት የምታገኘው በባሏ ነበር፤ ስለዚህ የራሷ ፋይል የላትም፣ የባሏ ፋይል ውስጥ ነው ስሟ የሚገኘው። ከ1922 ወዲህ ለብቻዋ ታመለክታለች፤ ማመልከቻዋ የራሷን ትውልድ ቦታ፣ መርከቧንና የጋብቻ ቀኗን ይይዛል።

የጣልያን ሴቶች ባል አግብተውም በአባታቸው ቤተሰብ ስም ነበር የሚጓዙት፤ ልጆቹ በአባታቸው ስም፣ እናትየው በሌላ ስም ተከታትለው ይገኛሉ። በኔዘርላንድ መዛግብትም የሴቲቱ የትውልድ ስም አይጠፋም። የባሏን ስም ብቻ በሚጽፍ አገር ከሆነ ግን በልጆቿ ክርስትና መዝገብ ላይ ያሉትን የክርስትና እናቶችና አባቶች፣ በጋብቻዋ የቆሙትን ምስክሮች፣ በቆጠራው አብረው የሚኖሩትን «አማች» እና «ደባል» ጻፉና እያንዳንዳቸውን ተከታተሉ። ስደት በሰንሰለት ነው የሚሄደው፤ የአንድ መንደር ሰዎች አንድ መንገድ ላይ ይሰፍራሉ። የእሷ ወረቀት መንደሩን ባይናገር የወንድሟ ወይም የክርስትና ልጇ አባት ወረቀት ሊናገር ይችላል። ተዘግቶ የቀረ ፍለጋ በብዛት የሚከፈተው በዚህ ነው፤ ለእህትና ለጎረቤት የሚጠፋው ጊዜ የባከነ አይደለም።

ካልካታ መንገድ

ከአውሮፓ ውጭ ያሉትን ማንም አላነሳም። ከ1834 እስከ 1917 ድረስ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕንዳውያን በውል ሠራተኝነት ወደ ሞሪሺየስ፣ ጉያና፣ ትሪኒዳድ፣ ናታል፣ ሱሪናምና ፊጂ ተጭነዋል። ከኋላቸው የቀረው መዝገብ ከብዙ አውሮፓውያን የበለጠ ዝርዝር አለው።

ዋናው ሰነድ የስደት ማለፊያ ወረቀት ነው። ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜ፣ ጎሣ፣ አውራጃ፣ የፖሊስ ጣቢያ ወረዳ፣ መንደር፣ ቁመት፣ በሰውነት ላይ ያለ ምልክት፣ የመርከቡ ስም ይገኝበታል። መንገዱ እንዲህ ነው፦ በደረሱበት አገር መዝገብ ውስጥ የሰውየውን ቁጥር፣ መርከቡንና ዓመቱን ያዙ፤ በዚያ ቁጥር የማለፊያ ወረቀቱን አውጡ፤ አውራጃውንና ወረዳውን በዘመኑ ካርታ ላይ አግኙ፤ መንደሩን መጨረሻ ላይ ፈልጉ። ከመንደሩ ስም መጀመር አይሠራም። ጸሐፊው በጆሮው የሰማውን ስለ ጻፈ በአንድ አውራጃ ውስጥ አምስት የሚመሳሰሉ መንደሮች ይወጣሉ፤ የሚለያቸው የወረዳው ስም ነው። አውራጃዎቹም ከዚያ በኋላ ተከፋፍለዋል።

የሚያሳስተው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የተመዘገቡበት ከተማ የትውልድ ቦታቸው አይደለም፤ ሥራ ፍለጋ ከመንደር ወጥተው መልማይ ያገኛቸው ብዙ ናቸው። ሁለተኛ፣ የተጓዡ አንድ ስም ለልጆቹ የቤተሰብ ስም ሆኖ ስለ ቀረ ዛሬ ያለው የቤተሰብ ስም ሕንድ ውስጥ ላይኖር ይችላል። የሞሪሺየሱ መዝገብ በማህተማ ጋንዲ ኢንስቲትዩት ይገኛል፤ የሱሪናሙ በኢንተርኔት በነጻ ይታያል።

የቻይናውያንንም ልጨምር። አሜሪካ ከ1882 እስከ 1943 ቻይናውያንን በሕግ ከልክላ ነበር። በ1906 የሳን ፍራንሲስኮ የመሬት መንቀጥቀጥና ቃጠሎ የልደት መዝገቡን ስላጠፋው፣ «እዚህ የተወለደ ሰው ልጅ ነኝ» እያሉ በተገዛ ወረቀት የገቡ ብዙዎች ነበሩ። ስለዚህ ፋይሉ ላይ ያለው አባት የወረቀት አባት ሊሆን ይችላል፤ እውነተኛው የቤተሰብ ስም በመቃብር ድንጋዩ ላይ በቻይንኛ ፊደል የተጻፈው ነው። ፋይሉ ግን በዚህ ምክንያት አይጣል። መርማሪዎቹ የመንደሩን ቤቶች አቀማመጥ፣ የጎረቤትን ስም፣ የጉድጓዱን ቦታ ሳይቀር ጠይቀው ጽፈዋል፤ ፎቶግራፍም አለበት።

አዲስ ገቢ

የዘረመል ምርመራ ይህን ሁሉ አያሳጥርም?

ሐረግ ቆጣሪ

ያግዛል፤ ወረቀቱን አይተካም። «ይህን ያህል በመቶ ጣልያን» የሚለው ግምት መንደር አይነግርም፤ የሚጠቅመው የተዛማጆች ዝርዝር ነው። ሁለት ሰዎች የሚጋሩት ዘረመል መጠን ሴንቲሞርጋን በሚባል መለኪያ ይለካል። የአክስትና የአጎት ልጆች በአማካይ 866፣ አያቶቻቸው ወንድማማች የሆኑ 229፣ ቅድመ አያቶቻቸው ወንድማማች የሆኑ 73 ገደማ ይጋራሉ። የመጨረሻዎቹ ምንም ላይጋሩም ይችላሉ፤ ስለዚህ አለመገጣጠም ብቻውን ዝምድና የለም አያሰኝም። በየትውልዱ በግማሽ ስለሚቀንስ መጀመሪያ የሚመረመሩት በሕይወት ያሉ አዛውንቶች ናቸው። ለዘመናት እርስ በርስ የተጋባ ማኅበረሰብ፣ ለምሳሌ የትንሽ ደሴት ሰው፣ ቁጥሩ ይጋነናል፤ የሩቁ የቅርብ ይመስላል። ከምርመራው በፊት ለዘመድ ሊነገረው የሚገባም ነገር አለ፦ ያልተጠበቀ አባት ሊገለጥ ይችላል። ይህን ሳይነግሩ ናሙና መጠየቅ ተገቢ አይመስለኝም።

ቀለም ለቃሚ

የስም ሞክሼን በሚመለከት የምለው አለኝ፤ ይህ ካልተጠራ ሌላው ሁሉ ይፈርሳል። በደቡብ ጣልያን የመጀመሪያው ወንድ ልጅ በአባቱ አባት ስም ይጠራል። አንድ አያት አራት ወንዶች ልጆች ካሉት በጥቂት ዓመታት ውስጥ አራት ጁዜፔዎች በአንድ የቤተሰብ ስም፣ በአንድ መንደር ይወለዳሉ ማለት ነው። ዕድሜው የቀረበውን መርጦ መሄድ አይበቃም። ለእያንዳንዱ ሦስት ነገር ፈትሹ፦ በሕፃንነቱ ሞቷል ወይ፤ እዚያው መንደር አግብቶ ቀርቷል ወይ፤ የእናቱ ስም ባሕር ማዶ ካለው ወረቀት ጋር ይገጥማል ወይ። በልደት መዝገቡ ኅዳግ ላይ ጋብቻው ስለሚጻፍ እዚያው የሚለዩበት ጊዜ አለ።

ዕድሜ ሲለያይ አትደንግጡ። በቆጠራ ላይ ማን መልስ እንደ ሰጠ ብዙ ጊዜ አይታወቅም፤ በ1940ው ቆጠራ ብቻ መልስ የሰጠው ሰው ስም አጠገብ በክብ ውስጥ የመስቀለኛ ምልክት አለ። ሰውየው ገና ወጣት ሳለ የተጻፈ፣ እሱ ራሱ ፊት ለፊት ቆሞ ያስጻፈው ወረቀት ይበልጣል።

ከኢንተርኔት የተገለበጠ የዘር ሐረግ ደግሞ ማስረጃ አይደለም። አሥር ሰው አንድ ስሕተት ከገለበጠ ያው አንድ ስሕተት ነው። የፍለጋ መዝገብ ያዙ፦ የትኛው ቤተ መዛግብት፣ የትኛው ጥራዝ፣ ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው፣ በምን በምን አጻጻፍ፣ ምን ተገኘ። «የለም» የሚለውንም ጻፉ፤ ያልተገኘበትን ያልጻፈ ሰው በየዓመቱ ያንኑ መጽሐፍ ይገልጣል።

ጥያቄ አለኝ

የመጨረሻ ጥያቄ። መንደሩ ታወቀ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግን ተቃጥሏል። ከዚህ ወዲያስ?

ሰሜናዊት

ቅጂው የት እንዳለ ጠይቁ። በጣልያን የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ሁለት ሆኖ ነው የሚጻፈው፤ አንዱ ማዘጋጃ ቤቱ ዘንድ ይቀራል፣ ሌላው ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ መንግሥት ቤተ መዛግብት። አብዛኛው በአንቴናቲ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይታያል። በሩሲያ ግዛትም ሁለተኛው ቅጂ ለሀገረ ስብከቱ ይላክ ነበር። እንግሊዝ ከ1598 ጀምሮ ለጳጳሱ የሚላክ ዓመታዊ ግልባጭ አላት። አየርላንድ በ1922 የደብሊኑ ቤተ መዛግብት ሲቃጠል የ1821–1851 ቆጠራዎች አብዛኛው ክፍል ጠፋ፤ የካቶሊክ አጥቢያዎች መዛግብት ግን በየቤተ ክርስቲያናቸው ስለ ነበሩ ተርፈዋል፣ የ1901 እና የ1911 ቆጠራዎችም ሙሉ ናቸው። ፋሚሊሰርች በሚባለው ነጻ የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ላይም ስትፈልጉ በስም ብቻ አትፈልጉ፤ ካታሎጉን በቦታ ስም ክፈቱ። ማውጫ ያልተሠራለት፣ ገጽ በገጽ የሚነበብ ብዙ መዝገብ አለበት።

ደብዳቤ የምትጽፉ ከሆነ በአንድ ደብዳቤ አንድ ሰው ብቻ ጠይቁ፣ በአገሩ ቋንቋ፣ በአጭሩ። ሙሉ ስም፣ የወላጆች ስም፣ የዓመት ክልል ከ5 ያልበለጠ፣ የአጥቢያው ስም። ደግሞም የመዝገቡን ሙሉ ግልባጭ ወይም ፎቶ ጠይቁ፤ አጭሩ የምስክር ወረቀት የኅዳግ ማስታወሻዎችን፣ አንዳንዴም የወላጆችን ስም ይተዋል።